ሁለት መሆኑ በማኅተም ስለተረጋገጠው ላፕቶፕ

ለተከበሩ የሸማቾች አቤቱታ ሰሚ ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? እኔ ከወረታ ወጣ ብሎ በፎገራ ሜዳ ሩዝ የማመርተው ደረሰ ከነቤተሰቤ ደህና ነኝ፤ የቀረኝ አንድ በሬም ደህና ነው። ለእርስዎም ለወንበርዎ ምቾትን፣ ለወገብዎ ጤናን እመኛለሁ።

ይህን በአደባባይ የምጽፈው ስለ ውሳኔዎ ለማመስገን ነው። ልጄ አምሳል ለነርስ ትምህርት የነጻ ዕድል ፈተና በኢንተርኔት ስለምትፈተን ላፕቶፕ ያስፈልጋታል ተባልኩና ከጥማዴ አንዱን በሬ ሸጥኩ። ነጋዴው ዱዋል ኮር ነው፣ ኮሩ ሁለት ነው አለኝ። ኮር ምን እንደሆነ ብጠይቀው ሥራውን የሚጎትተው እሱ ነው ስላለኝ፣ የሚጎትት ነገር ሁለት ከሆነማ ጥማድ ነው ብዬ ደስ እያለኝ ገዛሁ። ጥፋቴን አልሸሽግም፤ በከብት ገበያ ጥርሱን ሳላይ በሬ የማልገዛው ሰውዬ የላፕቶፑን ዕድሜ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

በፈተናው ቀን ላፕቶፑ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እንደ ደከመ በሬ ትልሙ ውስጥ ተኛ፤ ሲነሳ ሰዓቱ አልቆ ነበር። አምሳል ግን ቤት ገብታ፣ «አባዬ፣ ፈተናው ከብዶኝ ነው፤ ዕቃው ደህና ነው» አለችኝ። ወር ሙሉ አመንኳት፤ እንዲያውም ሰነፍሽ ብዬ ተቆጣኋት። ኋላ የኮምፒውተር መምህሩ እዮብ አይቶት፣ ኮሩ እውነትም ሁለት እንደሆነ፣ ነገር ግን የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የተሠራ ስለሆነ ዛሬ ከሚሠራው ሁለት ኮር ጋር ስም እንጂ ጉልበት እንደማይጋራ አስረዳኝ። ልጄ ይህን ታውቅ ኖሯል። የሸሸገችኝ በሬዬን በከንቱ መሸጤ እንዳይገባኝ ብላ ነው። ያን ዕለት አለቀስኩ፤ ይህን ለመጻፍ አላፍርም።

እንግዲህ ቅሬታዬ በተራ ይኸውና።

፩ኛ፤ ቢሮዎ ባለሙያ መድቦ ኮሮቹን ካስቆጠረ በኋላ፣ ሁለት የተባለው ሁለት ሆኖ ስለተገኘ አቤቱታው ውድቅ ነው ብሎ በማኅተም ስላረጋገጠልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት መሆናቸውን ግን ቀድሞም አልተጠራጠርኩም ነበር።

፪ኛ፤ ሻጭ የዕቃውን ዕድሜ እንዲናገር የሚያስገድድ መመሪያ እንደሌለ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። እኛ ዘንድ በሬ የሚሸጥ ሰው ሳይጠየቅ ነውሩን ይናገራል፤ እኔም ግራ ትከሻውን እንደሚያመው ለገዢው ነግሬ ነው በሬዬን የሸጥኩት። እኛም መመሪያ የለንም፤ ያለን ይሉኝታ ብቻ ነው።

፫ኛው የአምሳል ቅሬታ ነበር፤ እሷ ግን የኔን አትጻፍ ብላኛለች። አሁን ሩዝ እያረመች ነው። ማሳውን ያረስኩት እንደ እኔው ባለ አንድ በሬ ከሆነው ጎረቤቴ ከቻላቸው ጋር ተቀናጅቼ፣ አንድ ቀን ለእሱ አንድ ቀን ለእኔ እያልን ነው።

ማኅተምዎን ቀለም አይንሳው፣ ቆጣሪዎችዎንም ጣት አይንሳቸው እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የአንድ በሬና የሁለት ኮር ባለቤት፣
ደረሰ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ይግባኝ ላስገባ ቢሮዎ ብመጣ፣ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩ ስለቆመባት ነገ እንድመለስ በትሕትና ነገረችኝ። ጠጋ ብዬ ባየው የተለጠፈበት የዱዋል ኮር ምልክት ከእኛው ላፕቶፕ ጋር አንድ ነው። አቤት ለማለት ካሰቡ አይድከሙ፣ ቁጥሩ አልጎደለም። እኔም በተባልኩት መሠረት ነገ እመለሳለሁ፤ የአምሳል ፈተና ግን ነገ አልነበረውም።