ከነመርገጫዎቹ

ሰኞ፣ ኅዳር 3፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል

ዐሥራ አንደኛው ቡሎን እምቢ ብሏል። ዐሥሩ ወጥተዋል። ጋሽ ኑሩ በእሳት ያግለዋል፣ ዘይት ያፈስበታል፣ በመዶሻ ይመታዋል፣ ይሰድበዋል። እኔ በምሳ ሰዓት ከማስተምርበት ት/ቤት ወጥቼ የጋራዡ በር ላይ ቆሜ እቆጥራለሁ።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ነገሩን በከፊል ታውቀዋለህ። ሆኖም ዛሬ ሥራው ስለሚፈጸም በሥርዓት ላስፍረው። የአባባ ፒክአፕ እንደ ሌሎቹ አይደለችም። ሞተሩና ሻንሲው ከአ.አ. መጣ፤ የቀረውን ጋሽ ኑሩ እዚሁ ዲላ በየደው። ጭቃ እንዳይዛት ብሎ ከፍ አድርጎ በትልልቅ ጎማ ላይ አቆማት። በሁለቱም ጎን፣ ከበሮቹ ሥር፣ ከፊት ፓራፋንጎ እስከ ኋላ ጎማ የሚደርስ ሰፊ የብረት መርገጫ ገጠመላት። መርገጫው ለመውጫ ነበር። ግን ጭነቱ በጆንያ ሲሞላ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ተደርድሮ፣ ጣውላውን ጨብጦ ይሄዳል። በአንድ ጎን ስምንት ሰው ቆጥሬ አውቃለሁ።

በጥቅምት መጨረሻ ማርታ ከዚያ ላይ ወደቀች። ማርታ በግቢያችን ቡና የምትለቅም የዱመርሶ ሴት ናት። መታጠፊያው ላይ እጇ ከጣውላው አመለጠ፤ የቀኝ አንጓዋ ተሰበረ። አንገቷ ሊሆን ይችል ነበር። መርገጫው ይነሣ ብዬ አባባን ተከራከርኳቸው። በጽሑፍም አቀረብኩላቸው፤ አራት ገጽ።

ትናንት ሽማግሎች በግቢያችን ተቀመጡ። የማርታ ባል ካሣውን ተቀብሎ ይቅር አለ። በዚያ ሊያበቃ ነበር። እኔ ግን አባባ እንዲምሉበት የጻፍኩትን ወረቀት አውጥቼ አነበብኩ፦ ይህች መኪና በእጄ እስካለች ድረስ ማናቸውም ዓይነት መርገጫ አይገጠምባትም። በመጀመሪያ «ሰው የሚጫንበት መርገጫ» ብዬ ነበር። ለማምለጫ ቀዳዳ እንዳይተው ብዬ «ማናቸውም ዓይነት» አልኩት። አባባ ረጅም ጊዜ አዩኝ። እስቲ ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። ከዚያ ተነሥተው «ጃንሆይ ይሙቱ!» ብለው ማሉ።

ዐሥራ አንደኛው ወጣ። ደወል ሳይደወል ልሩጥ። ደስ ብሎኛል። መጽሐፍ ማንበብ ለአንድ ሰው እጅ እንኳ ከጠቀመ፣ በከንቱ አላነበብኩም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5፤ ከጧቱ 1 ሰዓት

አንድ ነገር አይቻለሁ። ያየሁትን በትክክል እጽፋለሁ።

አባባ ቡና ለመግዛት ወደ አሪቻ ሊሄዱ ተነሡ። መኪናዋን ዞሩ። ጎማ ረገጡ። ደግመው ዞሩ። በሩን ከፈቱ፣ ቀኝ እግራቸውን አነሡ፤ ወለሉ ከጭናቸው በላይ ነው። አልደረሰም። ግራውን ሞከሩ። ግራው ጉልበት አልታጠፈም።

ጨርሶ አይታጠፍም! ከስንት ዓመት በፊት ጆንያ እንደወደቀባቸው አውቃለሁ። ድኗል ሲሉ አምኛለሁ። ለካስ በየቀኑ ቀኙን መርገጫው ላይ ያስቀድሙ፣ ግራውን ጎትተው ያስከትሉ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ቤት ኖሬ፣ ይህን ያህል መጽሐፍ አንብቤ፣ የአባቴን ጉልበት አላነበብኩም።

አባባ ዞር ብለው በመስኮት አዩኝ። ወዲያው ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን መመርመር ጀመሩ። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ዛሬ ባትሪ ደክሟል ብለው ቀሩ።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ሁለት ቀን በርጩማ ተጠቀሙ። እናቴ ናት ያቀረበችላቸው። በግቢ ውስጥ፣ ሰው ሳይኖር። ግን በርጩማው ከእርሳቸው ጋር አይሄድም። አሪቻ ሲደርሱ መውረድ አለ፤ መውረዱስ ይሁን፣ መልሶ መውጣት አለ። ይዘውት ይሂዱ አልኳቸው። የይርጋጨፌ ነጋዴ ሁሉ በተሰበሰበበት በርጩማ ተሸክሜ ልውረድ? አሉ።

ሹፌር ይቀጠር አልኩ። እናቴ ከማዕድ ቤት ሰማችኝ። በሹፌሩ ጎን ለመቀመጥስ በምን ሊወጡ ነው፣ በክንፍ? አለች። ቀጠለችም፦ «አራት ገጽ ስትጽፊ እኔን አንድ መስመር ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት፣ ጽጌ?»

ማርታ መውደቋ እውነት ነው። መርገጫው አደገኛ መሆኑ እውነት ነው። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ስሕተት ፈልጌ ባገኝ እንዴት በቀለለኝ!

ዓርብ፣ ኅዳር 14፤ ከቀኑ 11 ሰዓት

ንድፍ ሠራሁ። በማስመሪያ፣ በልክ። በሹፌሩ በር ሥር ብቻ የሚሆን፣ አንድ ጫማ ብቻ የሚይዝ፣ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ብረት። ተጓዥ ሊቆምበት ከቶ አይችልም። ለጋሽ ኑሩ አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ፣ መልሶ አጥልቆ አየው። ከሰኞ እስከ ማክሰኞ የሚያልቅ ሥራ ነው አለ። ከዚያ ሳቀ፦ «መፍታቱንም መግጠሙንም አንቺው ካዘዝሽ፣ እኔ መዶሻሽ ነኝ ማለት ነው።»

ንድፉን ይዤ ወደ አባባ በረርኩ። በጥሞና ተመለከቱት። ጥሩ ሥዕል ነው አሉ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው የእኔን ወረቀት አወጡ። አሥራ ሁለት ቀን በኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ። ጣታቸውን «ማናቸውም ዓይነት» ላይ አሳረፉ።

ይህ ነገር የመጣው ተጓዡን ለመጠበቅ እንጂ እርስዎን ለመቅጣት አይደለም ብዬ ለመንኩ። ንጉሥ ይሙት ያለ ሰው ቃሉን በመጋዝ አይቆርጥም አሉ። ዛሬ እኔ ለጉልበቴ ብዬ ትንሽ ካጠፍኩት፣ ነገ ማን ያምነኛል? ገበሬው ያልተፈለፈለ ቡናውን፣ ጀንፈሉን፣ በዱቤ የሚሰጠኝ በምን ሆነና?

እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር። ይህን ከማን እንደ ወረስኩ አሁን ገባኝ፤ ግን ምን ይረባል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

ማርታ እጇን ካንገቷ እንዳንጠለጠለች መጣች። በግራዋ ትለቅማለች። የወጡትን ሁለት መርገጫዎች ሴቶቹ ድንጋይ ላይ አጋድመው አግዳሚ ወንበር አድርገዋቸዋል። እዚያ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አባባን ከመሐላው እንድታወጣቸው ልለምናት ነበር። ሳልጀምር እርሷ ጀመረች።

ከዱመርሶ በእግሯ ነው የምትመጣው። አውቶቡስ አንዳንዴ ይቆማል፣ አንዳንዴ አይቆምም። ቀድሞ ጎህ ሲቀድ መርገጫው ላይ ወጥታ ትደርስ ነበር፤ አሁን ከሌሊት ተነሥታ ትጓዛለች። ሌሎቹም እንዲሁ። ሁለቱ ሥራውን ትተዋል።

አማርኛዋ ከጌዴኦኛዋ ጋር እንደተደባለቀ፣ እኔንም እንደ ሁልጊዜው አንተ እያለች፣ እንዲህ አለችኝ፦ «የእኔ ልጅ፣ አንተ ለእኔ አዘንክ፣ እግዜር ይስጥህ። እጄ ይድናል። እግሬ ግን አለቀ። ይሄን ብረት መልስ በለው ለአባትህ።»

ጓደኞቿ ሳቁ። አንዷ፣ መምህርቷ ብረቱን ከመኪናው ነቅላ ለቂጣችን ሰጠችው አለች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወደ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

የማርታን ቃል ለአባባ አደረስኩ። ማርታ ደግ ናት አሉ። የማልኩት ግን ለማርታ አይደለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 24፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ይርጋጨፌ ላይ ሆነ። እኔ አልነበርኩም። ጋሽ ኑሩ ነው የነገረኝ፤ ባልነገረኝ።

አባባ ለሚዛን ወረዱ። መውረዱን ቻሉት። ሲመለሱ አልሆነም። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በሩን ይዘው ተንጠለጠሉ። ጫኞቹ ሮጠው መጡ፤ በደግነት፣ ክፉ ማንም አልነበረም። በብብታቸው ገብተው፣ አንዱ ግራ እግራቸውን ይዞ፣ አነሷቸው። ከሚዛኑ ዘንድ አንዱ «ጋሼ ስንት ኪሎ ናቸው? አብረው ይመዘኑ!» ብሎ ጮኸ። ገበያው ሳቀ። አባባም ሳቁ አሉ።

ቤት ሲደርሱ ከመኪናዋ አልወረዱም። ግቢው ውስጥ፣ መሪውን እንደያዙ፣ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ተቀመጡ። እናቴ በርጩማውን አምጥታ በሩ ሥር አስቀመጠችና ተመለሰች። እኔ በረንዳ ላይ የተማሪዎች ደብተር ይዤ ነበር። አንድም ደብተር አላረምኩም። ምን ብዬ ልቅረብ? ይቅርታ ብል፣ ይቅርታ የሚጠየቅበት ጥፋት የለም። ዝም ብል…

ወረዱ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 29

አቶ ጥላሁን መጣ። የአሪቻ ነጋዴ ነው፤ ወፍራም፣ ተጫዋች፣ ጉልበተ ሙሉ። አባባ ልከውበት ኖሯል። እኛ አልሰማንም።

መኪናዋን ዞረ። የቡሎኖቹን ባዶ ቀዳዳዎች በጣቱ ነካካ። መርገጫውስ? አለ። አባባ ወደ ለቃሚዎቹ አመለከቱ። ሄዶ ከፊታቸው ቆመ፦ «ተነሡልኝ እስቲ እናቶቼ፣ የተቀመጣችሁት እኮ ንብረቴ ላይ ነው!» ሴቶቹ እየተንጫጩ ተነሡ። ብረቱን በጫማው መታ መታ አደረገ። ደኅና ነው አለ። ማክሰኞ ተዋውለን ማክሰኞ እናስገጥመዋለን። ሰው የማይቆምባት መኪና ምኗ መኪና ነው?

ማርታን አየኋት። እውነት ነው የምጽፈው፤ ፊቷ በራ።

አባባን አየሁ። መሐላው «በእጄ እስካለች ድረስ» ነው። ከእጃቸው ስትወጣ መሐላውም ያበቃል። አንድም ቃል አልፈረሰም። መርገጫው ይመለሳል፤ ሰዉ ይመለሳል፤ መታጠፊያው በቦታው አለ። የሚቀሩት አባባ ብቻ ናቸው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2፤ ከጧቱ 4 ሰዓት

ከት/ቤት ፈቃድ ወስጃለሁ። ውሉን እኔ እጽፋለሁ። አባባ ናቸው ያዘዙት፤ የእርሷ እጅ ጽሑፍ ይነበባል ብለው።

ሳሎን ተቀምጠዋል፤ አባባ፣ አቶ ጥላሁን፣ ሁለት ምስክሮች። ጋሽ ኑሩ ቡሎኖቹን በቆርቆሮ ይዞ ደጅ ይጠብቃል። አንዱንም አልጣለም፤ አስቀምጧቸው ነበር።

አንድ አንቀጽ ልጨምር ሞከርኩ፤ ገዢው መርገጫውን መልሶ ላለመግጠም ይስማማል የሚል። አቶ ጥላሁን ከልቡ ሳቀ። «እኅቴ፣ አባትሽን አስማልሽ፣ አሁን ደግሞ በገዛ መኪናዬ እኔን ልታስምዪኝ ነው?» ምስክሮቹ ሳቁ። አባባ አልሳቁም፤ አልተቆጡም። ተዪው ጽጌ አሉኝ፤ ልክ በልጅነቴ የሞቀ ብረት ልነካ ስል እንደሚሉኝ፣ ቀስ ብለው። ቀጥሎም፣ እንደ መሐላው ወረቀት አድርገሽ ጻፊው፣ ቀዳዳ አትተዪበት አሉ።

ረቂቁን እዚሁ አንተ ላይ፣ ማስታወሻዬ፣ ልሥራና እገለብጠዋለሁ። ሴቶቹ ከአግዳሚው ተነሥተው ብረቱን ወደ መኪናዋ ሲያቀርቡ ይሰማኛል፤ ይዘፍናሉ። አባባ ጽፊ አሉኝ። ሁለተኛ ጽፊ አሉኝ።

እኔ ሻጩ፣ ስሜ ከዚህ በታች የተፈረመው፣ ይህችን መኪና በፈቃዴ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ለገዢው ለአቶ ጥላሁን ሸጫለሁ። ዕቃዋንም ሳላጎድል፣ ከትርፍ ጎማዋ፣ ከክሪኳ፣ ከሸራዋ ጋር፣ ከነ