ታሟል የሚል ቴሌግራም

ሐምሌ 2፣ 1963 ዓ.ም.፣ ጠዋት

ዛሬም ሁለት ማንኪያ አጥሚት። መለሰው። ታ. ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ። ጎኔን ወጋኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ራሴን ፈለጠኝ ይላል። የማያውቀው ሰው ቢሰማው ባለቤቴ ጦር ሜዳ የዋለ ይመስለዋል። ልብስ ሰፊ ነው እኮ፤ ከስፌት መኪናው ርቆ አያውቅም።

ጎረቤቱ ሁሉ ብርድ ነው ይላል። እትዬ በላይነሽ ግን ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አመጡ። ማስታወሻዬ፣ ብርድ የማትዪኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

ሐምሌ 4

ከሆስፒታል ተመለስን። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ኮሪደር ላይ ጠራኝ። ጉበቱ አልቋል፣ ክረምቱን አይዘልቅም አለኝ። ለእሱ አትንገሪው አለ። ታ. ከአውቶቡስ ጦር ኃይሎች ስንወርድ ምን አለሽ አለኝ። ብርድ ነው አልኩት። እኔም እንደ ጎረቤቱ።

ሐምሌ 5፣ ከሰዓት

ለእናቱ ቴሌግራም ላክሁ፣ ጎጃም። በሕይወት እያለ ይዩት። ‹ታደሰ በጠና ታሟል፣ ቶሎ ይምጡ› ብዬ ጻፍኩ። የቴሌግራሙ ጸሐፊ አነበበና እግዜር ያጽናሽ አለኝ። አልሞተም፣ አለ አልኩት። እሺ እህቴ አለ፣ አላመነኝም። ምን ያድርግ፤ በአገራችን ሞተ ብሎ የላከ ማን አለ? ሁሉም የሚልከው ታሟል ብሎ ነው። አልሞተም የሚል ልጨምር አሰብኩ። እሱን ካከልኩማ ጭራሽ ቀብረነዋል ማለት ነው። ሌላ ቃል አጣሁ፤ እንዳለ ላክሁት።

ሐምሌ 9

መጡ። እናቱና አጎቱ። ከፌርማታው ጀምሮ ልጄን፣ ልጄን እያሉ፣ ነጠላ ዘቅዝቀው፣ ደረት እየመቱ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። ሰፈሩ ሞተ ብሎ እያለቀሰ ተከትሏቸው ገባ። ታ. ከአልጋው ቀና ብሎ ማን ሞተ አለኝ።

እናቱ በሩን ገፍተው ገቡ። ተያዩ። እዚያው መሬት ላይ ዝርፍጥ አሉ። ከዚያ እንባቸውን ጠረጉና ፊትህ እኮ ደህና ነው ልጄ፣ ብርድ ይሆናል አሉት። ነጠላው እንደተዘቀዘቀ ነው። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በቁሙ ያስለቀስኩበት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 10፣ አመሻሽ

ቀኑን ሙሉ እናቱ እግሩ ሥር ቁጭ ብለዋል። አሁን ጠራኝ። እናቴን ያስለቀሳትን ለእኔም ንገሪኝ፣ ብርድ እንዳትዪኝ አለኝ። ነገ አልኩት። እሺ አለ፣ እንደ ልጅ።

መርዶ በጠዋት ነው ደንቡ፤ ሰው ሌሊቱን እንዲተኛ። እሱም ይተኛ። ነገ ጎህ ሲቀድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጉበትህ ነው፣ አትድንም እለዋለሁ። ወጋ፣ ቆረጠ፣ ፈለጠ ሳልል። እናቱን የሚይዙልኝ እትዬ በላይነሽ ናቸው፣ ነግሬያቸዋለሁ። እኔን ግን ማን ይይዘኛል?