የአያታችን ያልሆነው ሰዓት

ይድረስ ማጋዳን ላለው ታናሽ ወንድሜ ለቫዲም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ያ የጀርባህ ሕመም ተሻለህ ወይ? ላሪሳስ እንዴት ናት? ዛካርና ኡሊያና ደህና ናቸው? ውርጩ እዚያ እንደጸና በሬዲዮ ሰምቻለሁ፤ ክረምቱን ሳትታመሙ ተወጣችሁት ይሆን? እኛ ደህና ነን። ቮልጋ ገና በረዶ እንደለበሰ ነው፤ እማማም ከጉልበቷ በቀር የሚያማት የለም። ሰላምታውን ያስቀደምኩት ግን እንዲህ ተምረን ስላደግን ነው እንጂ አንተን ሰላም ለማለት አምሮኝ አይደለም። ቆሽቴ አርሮ ነው የምጽፍልህ። ብደውል እጮህብህ ነበር፤ ልጆቹም ይሰሙ ነበር። ስለዚህ ወረቀት መረጥኩ።

ነገሬ ስለ ሰዓቱ ነው።

የላክኸው ሰዓት የደረሰው በእማማ ልደት ዋዜማ ነበር። ማጉያ መነጽሬን ላመጣ ስነሳ እማማ ሰዓቱን ከእጄ መንጭቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ከኋላ ክዳኑ ላይ የተቀረጸውን በጣቷ እየዳሰሰች አነበበች፦ «ለስቴፓን፣ ከመድፈኛ ጓዶቹ፣ 1944»። በአባቴ ሰዓት ላይ ተጽፎ ነበር እያለች ከልጅነታችን ጀምሮ የነገረችን ያንኑ ነው፣ ቃል በቃል። ከዚያ ደብዳቤህን አነበብኩላት። ሰዓቱን አንድ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ እንደሸጠልህ፣ የሰብሳቢው አያት ደግሞ በ1946 መከር እዚሁ ኪኔሽማ ባቡር ጣቢያ ላይ ረጅም ጉንጉን ፀጉር ካላት ልጅ እንደገዛው ጽፈሃል። እዚህ ላይ ስደርስ የእማማ ፊት ተለዋወጠ። በዚያን ጊዜ እሷ በተስቦ ምክንያት ራሷን ተላጭታ ነበር። በቤቱ ጉንጉን የነበራት አክስታችን ክላቫ ብቻ ናት።

የሁለቱን እህትማማቾች ነገር እያወቅህ! አያታችን ከጦር ሜዳ ተመልሶ በሞተበት ዓመት፣ በዚያ የረሃብ ዘመን፣ ሰዓቱ ከግድግዳው ሚስማር ላይ ጠፋ። በዚያው ሳምንት አክስታችን ዱቄት ይዛ ገባች። የሆስፒታል ልብስ አጥቤ ያገኘሁት ነው ብትልም እማማ አላመነቻትም። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ በአንድ ከተማ፣ ሁለት መንገድ ተራርቀው እየኖሩ ፋሲካን እንኳ አብረው ፈስከው አያውቁም። እኔና አንተ ወደ አክስታችን ቤት የምንሄደው ተደብቀን ነበር። ጃሟን በማንኪያ ስትልስ ያደግኸው አንተ አይደለህም ወይ?

እማማ የዚያኑ ዕለት ካፖርቷን ደርባ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። አክስታችን ወጥ ቤት ቆማ የዓሣ ቅርፊት እየፋቀች ነበር። እማማ ሰዓቱን ከዓሣው አጠገብ አስቀመጠችና «ይኸውልሽ፤ ስልሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትዋሺኝ ኖረሽ፤ አሁንስ ምን ትያለሽ?» አለቻት። አክስታችን እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ሰዓቱን አነሳች፣ ገልብጣ ጽሑፉን ረጅም ጊዜ አየችው። «እኔ ነኝ የሸጥኩት፣ ፋይና። ይቅር በይኝ» አለች። ልትሰድባት የመጣችው እማማ አቀፈቻት። ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔም አለቀስኩ። ያን ቀን አንተን መርቄህ ነበር። ምርቃቴን መልስልኝ።

ከዚያ ወዲህ አይለያዩም። ዳቦ ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም አብረው ነው የሚሄዱት። እማማ ግን ያገኘችውን ሁሉ አስቁማ «እህቴ የአባታችንን ሰዓት ሰርቃ ሸጣ ነበር፤ እኔ ይቅር አልኳት» ትላለች። አክስታችን ከጎኗ አንገቷን ደፍታ ትቆማለች። ባለፈው ጎረቤታችን አክስታችን ስትገባ አይታ ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች። በዓይኔ አየሁ፣ ቫዲም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሰዓቱ ቆመና እማማ እንዳጸዳው ሰጠችኝ። የእሁድ ገበያ ሰዓት ነጋዴዎች ከሩቅ ሲያዩኝ «ዳኛዋ መጣች፣ ዕቃ ሸፍኑ» እያሉ የሚቀልዱብኝ በከንቱ አይደለም። ፊቱ ላይ በጦርነቱ ዘመን የነበረው የሞስኮ ፋብሪካ ስም አለ፤ ቀለሙ ግን የትናንት ነው፤ ያረጀ እንዲመስል ጠርዙን በሻይ ይሁን በምን ቡናማ አድርገውታል። የዚያ ዘመን ጠቋሚዎች በጨለማ ማብራት ካቆሙ ስንት ዘመናቸው፤ የዚህ ግን እንደ ድመት ዓይን ያበራሉ። ክዳኑን ከፍቼ ማሽኑን ሳይ የተሠራበት ዓመት ተመትቶበታል፦ 1951። አያታችን መቃብር ውስጥ ሆኖ ነው ያሰረው?

እስከዚህ ድረስ ሻጩ አታልሎህ ነው ብዬ ልተውልህ እችል ነበር። ጽሑፉ ነው ያጋለጠህ። ክዳኑ በብዙ ዓመት ጭረት ተሸፍኗል። ጽሑፉ ጥንት የተቀረጸ ቢሆን ኖሮ ጭረቶቹ በፊደሎቹ ላይ ያልፉ ነበር። እዚህ ግን ፊደሎቹ ናቸው ጭረቶቹን የቆረጧቸው። ከጭረቱ በኋላ ተቀረጹ ማለት ነው፣ በቅርብ። ማን አስቀረጻቸው? የማጋዳን ሻጭ የእማማን ቃል ከየት ያውቃል? ባለፈው መከር ደውለህ ያንን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ያስደገምካት አንተ ነህ። ለዛካር የትምህርት ቤት ሥራ ነው አልካት፣ ዓይንህን በጨው ታጥበህ!

እናቴን ላስደስት ብዬ ነው እንደምትል አውቃለሁ። ይህ ነው ይበልጥ የሚያበግነኝ። በገበያችንም ሐሰተኛ ሰዓት ያለ ታሪክ አይሸጥም፤ አንዱ የአብራሪ ነበር፣ ሌላው ከሰመጠ መርከብ የወጣ ነው ይሉሃል። አንተም ታሪክህ እንዲጣፍጥልህ አንዲት ባለ ጉንጉን ልጅ ጨመርክበት። ልጅቷ ግን በሕይወት አለች። የምትኖረውም እዚህ ነው።

ወደ አክስታችን ቤት የሮጥኩት የምሥራች ይዤ መስሎኝ ነበር። ሰዓቱ ሐሰተኛ መሆኑን፣ ስሟ እንደሚጸዳ ነገርኳት። ወንበር ሳበችልኝና ቁጭ አደረገችኝ። «ገና ሳነሳው አውቄዋለሁ። የአባቴ ሰዓት ላይ ምንም አልተጻፈም ነበር። ያንን ቃል እናትሽ ናት በልጅነቷ የፈጠረችው» አለችኝ። ታዲያ ለምን ሸጥኩ አልሽ ብላት የሸጠችው ሴት አያታችን ራሷ እንደነበረች ነገረችኝ። እማማ ከተስቦው ተርፋ በረሃብ ልትሞትባት ሆነ። እማማ ደግሞ አባቷ ከሞተ ወዲህ ያንን ሰዓት ጆሮዋ ሥር ካላደረገች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ስለዚህ አያታችን ዱቄቱን በክላቫ እጅ አስገባች፤ ለእማማ እንዳትነግርም አስማለቻት። «ዱቄቱን የበላችው እሷ ናት፣ ሪማ። አሁን በእርጅናዋ ይህን ልትነግሪያት ነው? ቤቴ መጥታለች፤ ተይኝ» አለችኝ።

ባለፈው እሁድ ሦስታችን እዚያው ተቀምጠን የዓሣ ሾርባ ስንበላ እማማ ድንገት ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሪማ፣ ሰዓት ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። የአባቴ ነው አይደል? ካልሆነ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ እህቴን በሐሰት ስከስ ኖሬያለሁ ማለት ነው» አለችኝ። አክስታችን ከምድጃው አጠገብ ጭልፋውን እንደያዘች ቀጥ ብላ አየችኝ። «የእሱ ነው፣ እማማ» አልኩ። ለጠላቴ እንኳ ሐሰተኛውን እውነተኛ ነው ብዬ አላውቅም። የመጀመሪያው ለእናቴ ሆነ። እዚህ ያደረስከኝ አንተ ነህ፤ ይቅር ልልህ አልቻልኩም።

ስለዚህ ለፋሲካ ትመጣለህ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሥራ አለብኝ እንዳትለኝ። ለእማማ አንዲት ቃል አትተነፍስም፤ አክስታችን ከልክላለች። ግን ብቻህን ቤቷ ትገባለህ፣ ጉልበቷ ላይ ትወድቃለህ። ካልመጣህ ወንድም አለኝ አልልም።

ላሪሳን ሳምልኝ፤ እሷ በዚህ ነገር የለችበትም። ዛካር በስሙ እንደተዋሸ አያውቅምና ምንም አትንገረው። ለኡሊያና የሠራሁላት ጓንት ለብቻው በፖስታ ይመጣላታል። እማማ በጣም ትናፍቅሃለች፤ ማታ ማታ ስትጸልይ ስምህን ከሁላችን በፊት ታነሳለች፤ እኔም ጥርሴን ነክሼ እሰማለሁ። አክስታችን ክላቫም ሰላም ብላሃለች። ሰዓቱን ስለላክህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በይልኝ ብላኛለች።

እህትህ ሪማ
ኪኔሽማ፣ መጋቢት 18 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.