ሙርዶ በዝናብ ውስጥ ሲጠብቅህ

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ላክላን፣

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ደጃፍህ ይድረስ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ ወይ? ሮዊናስ? ልጆቹስ? እዚያ አሁን የብርድ ወራት ነው፤ እንዴት አድርጓችኋል? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ግን ደክሞኛል። እጄን ገመድ ልጦት ጣቶቼ አልታጠፍ ብለዋል፤ ጽሕፈቴ ቢንሻፈፍ አትፍረድብኝ።

ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዳችን ከጓደኛዬ ከኡናና ከድሮ ባልንጀራህ ከሙርዶ ጋር በእሱ ጀልባ ወደ ማል ደሴት ሄደን ነበር። የሙርዶን ስም ስታይ ፊትህ እንደሚኮሳተር አውቃለሁ። ቢሆንም ወረቀቱን ሳትጥል እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ፊት ለፊት መጣብንና አንድ ጠባብ ወሽመጥ ውስጥ መልሕቅ ጥለን ተቀመጥን። ሁለት ቀን ሙሉ ዝናብ! ካልሲው እርጥብ፣ ብርድ ልብሱ እርጥብ፣ ሰው በሰው ላይ። ዳቦው ሲያልቅ ሙርዶ፣ «ዳርቻውን ይዘን ብንሄድ በሁለት ሰዓት መንገድ መንደር እንገባለን፤ ትኩስ ሾርባ አለ» አለ። አርባ ዓመት የሄደበትን መንገድ ማን ይጠይቀዋል?

ዝናቡ ከላይ መውረዱን ትቶ ከጎን ይገርፈን ነበር። ገደሉ ሥር ስንደርስ የእግር መንገዱ ሽቅብ ይታጠፋል፤ እሱ ግን ወደ ድንጋዮቹ ወረደ። ኡና፣ «ካፒቴን፣ ሾርባው ባሕር ውስጥ ነው እንዴ የሚሸጠው?» ብትለው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ እኔ እዚህ ስመላለስ አንቺ ንፍጥሽን መጥረግ አታውቂም ነበር» ብሎ ተቆጣ። ስቀን ተከተልነው።

በሚያንሸራትት ድንጋይ ላይ ግማሽ ሰዓት ከተንፏቀቅን በኋላ ፊታችን ቀጥ ያለ ገደል ሆነ። የመጣንበትን ደግሞ ባሕሩ እየሞላ ውጦታል። መውጫው በጎች የሚወጡበት አንድ ስንጥቅ ብቻ ነበር። ወደዚያ ስንዞር ሙርዶ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«የትም አልሄድም» አለኝ ረጋ ብሎ። «ላክላን ከኋላ ነው፤ ጫማውን እያሰረ ነው። ጥለነው አንሄድም።»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ዓይኑ ግን እውነትም ከኋላችን አንተን ይፈልግ ነበር። ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ደርሷል። ኡና ክንዱን ጎተተችው፤ ንቅንቅ አላለም። ለመንኩት፣ ጮኽኩበት። በመጨረሻ፣ «ላክላን በላይ በኩል ቀድሞናል፤ አናቱ ላይ ቆሞ እየጠበቀህ ነው» ብዬ ዋሸሁት። ወዲያው ተነሣ። እየዳኽን፣ ጭቃውን እየቧጠጥን ወጣን። አናቱ ላይ ሲደርስ ዙሪያውን አየ። ማንም የለም።

«ኤፊ፣ ምን አድርጌ ነው?» አለኝ። ያቺ ቀልደኛዋ ኡና ናት እጁን ይዛ አንድም ሳትደብቅ የነገረችው። አእምሮው እየከዳው መሆኑን ካለፈው የብርድ ወራት ጀምሮ እንደሚያውቀው፣ የገመዶቹን ስም በወረቀት ጽፎ ኪሱ እንደሚይዝ፣ ለልጁም እንዳልነገራት ያን ጊዜ አወጣው። «ጀልባዋን እንዳትነጥቁኝ ፈርቼ ነው» አለ።

በላይኛው መንገድ ወደ ጀልባዋ ተመለስን፤ በማግስቱ ነፋሱ ሲበርድ መሪውን እኔ ያዝኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ አንዴም አላረመኝም። ሳልሳሳት ቀርቼ መሰለህ? ከዝናቡም ከገደሉም ይልቅ ያ ዝምታው አደከመኝ።

ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ልጁም ነገ ትመጣለች። ስንመለስ መኪና ውስጥ የአንተንና የእሱን ኩርፊያ አነሣሁበት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት! «ተኳርፈን ነበር እንዴ?» አለኝ፤ ከልቡ ነው። ቀጥሎም፣ «ታዲያ የበደለው ማን ነው?» አለ። አላስታውስም አልኩት። ይኸው በአንድ ሳምንት ሁለተኛ ውሸቴ። ወንድምዬ፣ ሌላ የምዋሽበት አቅም የለኝም። ጠዋት ጠዋት አእምሮው ጥርት ይላል፤ ያ በእናንተ ማታ ነው።

ሮዊናን ጉንጯን ሳምልኝ። ካትሪዮናን ፈተናዋን በማለፏ እንኳን ደስ ያለሽ በልልኝ። ለትንሹ ኢዋን የሠራሁለት ሹራብ በፖስታ እየመጣ ነው። ኡና ሰላም ብላሃለች። ሙርዶ ግን ሰላም በይልኝ አላለኝም፤ መጻፌንም አያውቅም። የስልክ ቁጥሩ ያው የድሮው ነው።

እህትህ ኤፊ
ኦባን፣ ኦገስት 16 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.