በጎረቤቴ ሳሎን ስለ ተሰማው ሁለተኛ ድምፅ

ይድረስ ለንጥር ዲጂታል የድምፅ መሣሪያዎች ማምረቻ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ለክቡር አቶ ዳኘ፤

የሰማይና የምድር ጌታ ለክቡርነትዎ የጆሮ ጤና፣ ለሠራተኞችዎ የእጅ በረከት፣ ለማምረቻዎም የማይቋረጥ መብራት ይስጥልኝ እያልሁ፣ እኔ በሆሳዕና ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት በቀኝ ጌታነት ማኅሌት የቆምሁት መሪጌታ ይበልጣል፣ ይህን ደብዳቤ ማንም እንዲያነበው በአደባባይ ጽፌልዎታለሁ።

ማምረቻዎ ለስቱዲዮ ብቻ መሥራቱን ትቶ ዘንድሮ ወደ ሰው ሳሎን የሚገባ ማጫወቻና ድምፅ ማጉያ በማዘጋጀቱ፣ በመጪው ወርም በከተማችን ሲያስመርቁት ዜማዬን አሰምተው ካባ ሊያለብሱኝ በመጥራትዎ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ካባው ትከሻዬ ላይ ከማረፉ በፊት ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

አንደኛ፤ መሣሪያዎ ከሚገባው በላይ ጥሩ ነው። ጎረቤቴና የእርስዎ ወኪል አቶ ረሻድ የመጀመሪያውን መሣሪያ ቤታቸው ተክለው፣ ለናሙና የተጫነበትን የእኔን ዜማ እንድሰማ በክብር ጋበዙኝ። በስልክና በባጃጅ ስሰማው ያልታወቀኝ የከንፈሬ መድረቅ፣ የመቋሚያዬ ኮሽታ፣ የትንፋሼ ማጠር ሁሉ ተሰማ። ሰው እርጅናውን በጎረቤት ሶፋ ላይ ተቀምጦ እንዲያዳምጥ ማድረግ ቀላል ውለታ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ያሬዳዊ ዜማ ተምረው የማያውቁትን የአቶ ረሻድን ባለቤት፣ ወይዘሮ ሃቢባን፣ በአንድ ከሰዓት ሊቅ አደረጋችሁብኝ። ዜማው ወደ ከፍተኛው ስልት ወደ ዓራራይ ሲወጣ ሻይ መቅዳታቸውን ትተው፣ «መሪጌታ፣ እዚህ ጋ እርስዎ አይደሉማ፤ ሌላ ሰው ገባ እኮ» አሉ። አቶ ረሻድ «ተይ እንጂ፣ አባታችንን አታሳፍሪ» ብለው ድምፁን ቀነሱት፤ መሣሪያዎ ግን ተቀንሶም ያንን ሰው አልደበቀልኝም።

ሦስተኛ፤ ያ ሰው ግራ ጌታ ሀብተሚካኤል ናቸው። በእኛ ልማድ የቀኙ መሪ ትንፋሽ ሲያጥረው የግራው ሳይጠየቅ ያነሳለታል፤ ምስጋናው የሰማይ ነውና ማን አነሳው ተብሎ አይጠየቅም። ከሦስት ዓመት በፊት በእናንተው መሣሪያ በተደራጀው ስቱዲዮ ስንቀዳ፣ ድምፄ ዓራራዩ መግቢያ ላይ ተሰበረ፤ እሳቸውም እንደ ልማዳችን አነሱት። ባለሙያው አቶ ቲቶ ሁለቱን ድምፅ አመሳስሎ አንድ ካስመሰለ በኋላ፣ የቅጂው ሽፋን ላይ የማንን ስም ልጻፍ ብሎ ጠየቀኝ። የእኔን አልሁት። ግራ ጌታ በሩ ሥር ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያስሩ ነበር፤ ሰምተዋል።

ከዚያ ወዲህ ከጊምቢቹ እስከ አዲሎ፣ «በዚህ ዕድሜ ያንን ከፍታ እንዴት ወጡት» እያሉ ጉልበቴን ለሚስሙኝ ሁሉ «በቸርነቱ ነው» ስል ኖርሁ። የወንድሜን ድምፅ መውሰዴ ሳያንሰኝ እግዚአብሔርን ተባባሪዬ አደረግሁት ማለት ነው። እናንተስ ብትሆኑ፣ በስቱዲዮ የሸፈናችሁትን ጉድለት በሳሎን የሚገልጥ ዕቃ መሥራታችሁ፣ ኃጢአትንም ንስሓንም ከአንድ ሱቅ ማቅረብ በመሆኑ ሊደነቅ ይገባዋል።

አራተኛ፤ በመሣሪያው ካርቶን ላይ ከናሙናው ዜማ ጋር የታተመው ስም እንዲታረም ለቢሮዎ ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሱት ወይዘሪት አቢጋኤል በመልካም ትሕትና፣ «መሪጌታ፣ ካርቶኑ ታትሞ አልቋል፤ ደግሞስ ማን ይለየዋል?» ብለው አጽናኑኝ። በዚያው ካርቶን ላይ ግን «ያልሰሙትን ሁሉ ይሰማሉ» የሚል ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ከሁለቱ የትኛውን እንደምታምኑ ብታሳውቁኝ እፎይ እላለሁ።

ስለዚህ ዕቃው ገበያ ሳይወጣ የግራ ጌታ ሀብተሚካኤል ስም ከስሜ በፊት እንዲጻፍ፣ ካባውም እንዲቀርልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ስሙ ካልታረመ በምረቃው ዕለት መጥቼ፣ ዓራራዩን ራሴ ልወጣው እሞክራለሁ፤ ተጋባዦቻችሁም ልዩነቱን ያለ መሣሪያ ይሰሙታል።

በመሣሪያዎ ጥራት የተዋረድሁ፣ ለጥራቱም የምመሰክር፣
መሪጌታ ይበልጣል፤ ሆሳዕና

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለግራ ጌታ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ይበልጣል፣ ሦስት ዓመት ከጎንህ ቆሜ አንድ ቃል በጆሮዬ ብትለኝ ይበቃኝ ነበር፤ አደባባይ ምን አስወጣህ?» አሉኝ። ያልሰሙትን ሁሉ የሚያሰማው መሣሪያዎ ለዚህም መልስ ካለው፣ እባክዎ ይላኩልኝ።