ማሲንቆዬን ይዤ እመጣለሁ

ይድረስ ለአባቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? ወደ አሸተን ማርያም በበቅሎ መውጣት ጀምረዋል ሲሉኝ ከፋኝ፤ ያንን ዳገት እኔን አዝለው ሲወጡት አውቃለሁና። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ።

ወንድሜ አረጋ ቃልዎን ጽፎ አደረሰኝ። «ዓይኔ ሳይከደን ትምጣ፤ ነገር ግን ሁለተኛ እንዳትዘምር ሽማግሌ ፊት ትማል» ብለዋል አሉ። የመጀመሪያውን ቃል ሃያ ስድስት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ሁለተኛውን ግን አልችልም።

ኩልመስክ ከተማ ሄዳ ከጴንጤዎቹ ጋር ዘመረች ተብሎ ከቤት ሲያስወጡኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የመሪጌታ ልጅ አዝማሪ ሆነች አሉ። እርስዎ ያልሰሙት፣ እዚያም አልተመቸኝም። ማሲንቆዬን ይዤ ብቆም የጴንጤዎቹ አዳራሽ ሽማግሌ አቶ ወንድምአገኝ እጄን ያዙኝ። ይሄ የጠጅ ቤት ዕቃ ነው፣ የጌታ ቤት በኪቦርድ ነው የሚዘመርበት አሉኝ። እኔም፣ ጌታ የላስታን ዜማ አያውቅም ያለዎት ማነው አልኳቸው። ስድስት ወር አገዱኝ።

ስድስቱንም ወር፣ ገበያ በዋለ ቁጥር፣ ከአዳራሹ ውጭ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ዘመርኩ። ገበያተኛው አህያውን አቁሞ ይሰማኝ ነበር። አለሜ የምትባል፣ ልጇን የቀበረች ሴት መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ እንደ አገሬ ሙሾ ሆኖ ተስፋ ያለው ነገር ገና ዛሬ ሰማሁ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ አቶ ወንድምአገኝ ራሳቸው ወጥተው፣ ግቢ ልጄ፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ውጭ አለቀብን አሉኝ። ማሲንቆዬን ይዤ ገባሁ። የመዝሙር ካሴቴም የወጣው በዓመቱ ነው። ዛሬ በየአዳራሹ ማሲንቆ ሲመታ ማን ጀመረው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ዜማውን ከየት አመጣሽው ለሚሉኝ፣ ከአባቴ እላለሁ። ተማሪዎችዎን ዜማ ሲያስቀጽሉ በሩ ጋ እህል ስለቅም እየሰማ ያደገ ጆሮ ነው። ቢቆጡም አልተወውም፣ እውነት ነውና።

አረጋ ስልክ አታነሳም ብሎ ተቀይሞኛል አሉ። በኩራት አይደለም ይበሉልኝ። ባለፈው ሐምሌ ጉሮሮዬን ኦፕራሲዮን ሆኜ እብጠቱ ወጥቶልኛል፤ ሕመሙም ድምፄን ይዞ ለቆኛል። ስመጣ ዘነቡ የምትባል ተማሪዬ አብራኝ ትመጣለች፤ ሰው የጠየቀኝን እሷ ትመልስልኛለች። ጉልበትዎን ስሜ ዝም ብል እንዳይከፋዎት።

አባቴ፣ ብምል ዛሬ ምንም አይጎድልብኝም ነበር። ሽማግሌዎቹ ደስ ይላቸው፣ የእርስዎም ልብ ይረፍ፣ እኔም መሐላዬን ሳላፈርስ እሞት ነበር። ግን ተጸጸተች ይባላል። እኔ አልተጸጸትኩም። አንድም ቀን። ዝምታዬን አይተው በመሐላዋ ጸናች እንዲሉኝ አልፈቅድም።

ማሲንቆውን እኔ እመታለሁ፣ ዘነቡ ትዘምራለች። በሩን ከዘጉብኝ ደጃፍዎን ስሜ እመለሳለሁ እንጂ አልምልም።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ በዓይነ ሥጋ እስክንተያይ ያቆይልኝ። ካላስቀየምኩዎት ይመርቁኝ። ካስቀየምኩዎትም ይመርቁኝ።

ልጅዎ