ሟቹ ቀርበው እንዲፈርሙ ስለተጠሩበት የሩስኛ መጽሐፍ

ይድረስ ለተከበሩ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣
ወልቂጤ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለማህተምዎ ጤና እመኛለሁ። እኛ ቡታጅራ ያለነው ደህና ነን፤ ከአንዳችን በቀር። ያ አንዱ ጎረቤቴ መምህር ዳምጤ ናቸው። ባለፈው ሐምሌ አርፈዋል፤ መሥሪያ ቤትዎ ግን እስካሁን በደብዳቤ ይፈልጋቸዋል። ሰው ከሞተም በኋላ እንዲህ መፈለጉ የሚያጽናና ስለሆነ በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፦ ሃፊዛ ሰይዶ የተባለች የመስቃን ልጅ፣ የእናንተው ተማሪ፣ ስለ ስፖርትና ኅብረተሰብ በሚሰጠው ኮርስ «የአካባቢያችን ልጃገረዶች ስፖርት የሚተዉት ለምንድን ነው» የሚል ጥናት ትጽፋለች። አስተማሪዋ ከእንግሊዝኛ ውጭ የሆነ አንድ የውጭ ምንጭ እንድታመጣ፣ የቤተ መጻሕፍቱም ማህተም እንዲያርፍበት አዘዟት። የሩስኛ ገጾችን በስልኳ እያስተረጎመች ስትፈልግ ከረመች፤ ያገኘችው በአብዛኛው የጫማ ማስታወቂያ ነበር። በመጨረሻ ከካርድ ሳጥንዎ ውስጥ በትክክል የምትፈልገውን የአንድ የሩስኛ መጽሐፍ ካርድ አገኘች። መጽሐፉ ግን በ1986 ዓ.ም.፣ ኮሌጅዎ ገና ማሠልጠኛ ሳለ፣ ሌኒንግራድ ስፖርት ተምረው የመጡት መምህር ዳምጤ እንደተዋሱት አልተመለሰም። ሠላሳ አንድ ዓመት ረስታችሁት የኖራችሁትን መጽሐፍ አንዲት ተማሪ ስለጠየቀች በአንድ ወር ሦስት ማስጠንቀቂያ መጻፋችሁ የሚደነቅ ትጋት ነው።

ሁለተኛ፦ የሟች ባለቤት ወይዘሮ ዓለምዘውድ መጽሐፉን ከአልጋው ራስጌ አንስተው፣ በፎጣ ጠቅልለው፣ ሚኒባስ እየቀያየሩ ወልቂጤ ድረስ አመጡላችሁ። የመስኮቱ ሠራተኛ አቶ በኃይሉ፣ እጅግ ትሑት ሰው ናቸው፣ የተዋሰው ሰው ራሱ ቀርቦ ካልፈረመ መጽሐፍ እንደማይመለስ አስረዷቸው። የሞት ማስረጃ ቢያሳዩአቸው «እትዬ፣ የሞቱት እሳቸው ናቸው እንጂ ካርዱ አልሞተም» አሉ። ወይዘሮዋም «እንግዲያው ካርዱን ስጠኝና አጠገባቸው ልቅበረው» ቢሉ፣ ካርድ ከግቢ እንደማይወጣ ተነገራቸው።

ሦስተኛ፦ ይህችን ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። መጽሐፉ ቡታጅራ ሲመለስ ሃፊዛ ወይዘሮዋ ቤት ቁጭ ብላ ገለጠችው። ሩስኛውን ስልኳ እየተረጎመ አነበበላት። በገጾቹ ኅዳግ ላይ ግን መምህሩ ያኔ ያሠለጥኗቸው የነበሩ ሯጭ ልጃገረዶች ስም በአማርኛ፣ በእርሳስ ሰፍሯል፤ ከየስሙ አጠገብም የቀሩበት ምክንያት። ሀሊሜ፦ ታጨች። አሚኔ፦ የምትቀዳው ውሃ ራቀ። ሰልሚያ፦ ከሁሉም ትፈጥናለች፤ ለበርበሬ ለቀማ ሄደች፤ እጠብቃታለሁ።

ሰልሚያ የሃፊዛ እናት ናት። ልጅቱ እናቷ ሯጭ እንደነበረች በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። ገጹን ብታሳያት፣ ሰልሚያ የእርሳሱን ጽሑፍ በጣቷ ደባብሳ «እስካሁን እየጠበቁኝ ነበር?» አለች። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ዓለምዘውድ ጠዋት ጠዋት መምህሩ ያሠለጥኑበት ከነበረው ሜዳ በኩል ፊሽካ ይሰማኛል ይላሉ። ሜዳው ታጥሮ ሕንፃ ከተጀመረበት ቆይቷል። እኔ ጎረቤት ነኝ፤ አልሰማሁም ብዬ ለመፈረም ግን እቸገራለሁ።

አራተኛ፦ አስተማሪዋ፣ ማህተም የሌለው ምንጭ ምንጭ አይደለም ብለዋል፤ ባልተመለሰ መጽሐፍ ላይ ደግሞ መሥሪያ ቤትዎ ማህተም አያሳርፍም። ወረቀቱ እስከ ዓርብ ካልገባ ሃፊዛ ትወድቃለች። አባቷ ደግሞ ከወደቀች ትምህርቱ ይብቃትና ወደ በርበሬው ትመለስ ብሏል። በኅዳጉ ላይ ከእናቷ ስም በታች ለአንድ ስም የሚበቃ ባዶ ቦታ አለ፤ አይቼዋለሁ።

ደንብዎ እንደጸና፣ ካርድዎም ከሁላችን በላይ ዕድሜ አግኝቶ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እሰናበታለሁ።

ሸረፋ ሙባሪክ
የሟች ጎረቤት፣ ቡታጅራ

ግልባጭ፦
ለመምህር ዳምጤ፣ ባሉበት

ማሳሰቢያ፦ በሦስተኛው ደብዳቤዎ ለመምህር ዳምጤ የሰጧቸው የመጨረሻ ቀንም ይኸው ዓርብ ነው። ያሠለጠኗቸው ሁሉ እንደሚመሰክሩት ከቀጠሮ ቀርተው አያውቁም። ስለዚህ ዓርብ ቢሮዎን ቀደም ብለው ባይዘጉ መልካም ነው፤ ሃፊዛ፣ እናቷና ወይዘሮዋ መጽሐፉን ይዘው መስኮቱ ላይ ይቆማሉ። እርስዎ ማህተሙን ካሳረፉ መምህሩ መድከም አያስፈልጋቸውም። ካላሳረፉ ግን እስክሪብቶ ያዘጋጁላቸው፤ በሕይወት ሳሉ የሚይዙት እርሳስ ብቻ ነበር።